ከቅድመ ካንሰር ወደ ካንሰር፦ በማህፀን በር ላይ የሚሆነው

የማህፀን በር የማህፀን የታችኛው ጫፍ ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ወደ ብልት የሚከፈት ጠባብ አንገት። ሁለት ዓይነት ሽፋን ለብሷል። በውጪው ገጽ ያለው ሽፋን ስኳመስ ይባላል፤ ጠፍጣፋ ሕዋሳቱ በመሶብ እንዳለ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ወደ ማህፀን የሚያስገባው ቦይ ግን የተሸፈነው በአንድ ረድፍ በቆሙ፣ ንፍጥ በሚያመነጩ ረጃጅም ሕዋሳት ነው። ሁለቱ ሽፋኖች የሚገናኙበት መስመር ዕድሜ ልክ በአንድ ቦታ አይጸናም። በጉርምስና ጊዜ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲጨምር የቦዩ ሽፋን ወደ ውጪ ይገለጣል፤ የብልት አሲድ ሲያገኘውም ቀስ እያለ ወደ ስኳመስ ይለወጣል። ለውጡ ተፈጥሯዊ ነው፤ በሽታ አይደለም። ሆኖም ይህ በመለወጥ ላይ ያለ ቀለበት ከየትኛውም የማህፀን በር ክፍል ይበልጥ ለጥቃት የተጋለጠ ነው። ቅድመ ካንሰርም ሆነ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው ካንሰር በአብዛኛው የሚነሣው ከዚሁ ነው።

መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ነው። ይህን በማሳየት የሚታወቀው ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. ዓይነት 16ን እና ዓይነት 18ን ከማህፀን በር ካንሰር ውስጥ ለይተው አወጡ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ቫይረሱ ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ለካንሰር የሚዳርጉት ግን ወደ 14 የሚጠጉ ናቸው። ከእነዚያም ሁለቱ፣ 16 እና 18፣ ከመቶ ሰባ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን እጅግ የተለመደ ስለሆነ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። በቫይረሱ መያዝ የማንንም ጠባይ አይመሰክርም፤ ሴቶች ለምርመራ እንዳይመጡ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ስለ ጠባይ የሚወራው ሐሜት በመሆኑ ደጋግሞ መናገሩ ተገቢ ነው።

ቫይረሱ በጥቃቅን ጭረቶች በኩል ወደ ሽፋኑ ሥር ይወርድና ከታች ባሉት፣ ገና በሚባዙት ሕዋሳት ውስጥ ይቀመጣል። ከአሥር ሴቶች በዘጠኙ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። የሚያሰጋው ሳይለቅ የሚቆየው ነው። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ያመርታል። የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ፣ ካስፈለገም ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ ፒ53 የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ኢ6 ይህን ያስፈርሰዋል። ኢ7 ደግሞ የመባዛትን ልጓም የያዘውን አር ቢ የተባለ ፕሮቲን ከሥራ ያወጣዋል። ልጓሙም ዘበኛውም ከሄዱ በኋላ ሕዋሱ ስሕተት የገባበትን ዲ ኤን ኤ እንደያዘ ይባዛል፤ ስሕተቱም በየትውልዱ ይጠራቀማል።

ይህ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጤነኛ ሽፋን የሚባዙት የሥረኛው ረድፍ ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ ወደ ላይ በወጡ መጠን እየተነጠፉ፣ አስኳላቸውም እያነሰ ይሄዳል። በቅድመ ካንሰር ይህ ሥርዓት ከሥር ጀምሮ ይበላሻል፦ አስኳሎቹ ይተልቃሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ቅርጻቸው ይዛባል፣ በመባዛት ላይ ያሉ ሕዋሳትም መገኘት በማይገባቸው ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ብልሽቱ በሽፋኑ የታችኛው ሲሶ ከተወሰነ ሲን 1፣ ሁለት ሲሶ ከደረሰ ሲን 2፣ ከዚያ ካለፈ ወይም እስከ ላይ ከዘለቀ ሲን 3 ይባላል። ሲን 1 አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ መኖሩን ከማመልከት አያልፍም፤ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ሲን 2ም፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ወደ ጤነኛ ሽፋን ሊመለስ ይችላል። እውነተኛው የካንሰር ዋዜማ ሲን 3 ነው።

ሲን 3 ሳይታከም ቢቀር ምን እንደሚሆን የታወቀው መሆን ባልነበረበት መንገድ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ባለው ናሽናል ዊመንስ ሆስፒታል ኸርበርት ግሪን የተባለ ሐኪም ሲን 3 ወደ ካንሰር አይለወጥም ብሎ ያምን ስለነበር፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ አንዳንድ ሴቶች ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ሕክምና ተነፍጓቸው በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ነገሩ በ1987 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ታትሞ ሲወጣ አገሪቱ በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የሚመራ አጣሪ አቋቋመች። የሴቶቹ መዝገብ ኋላ ተጠንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ትንሽ ናሙና ብቻ ተወስዶላቸው ከተተዉት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ ከመቶ 31 ያህሉ ካንሰር እንደያዛቸው ታየ። ተገቢውን ሕክምና ካገኙት መካከል ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ዛሬ የሕክምና መጻሕፍት የሚጠቅሱት አሃዝ የእነዚህ ሴቶች ነው።

ጉዞው እንግዲህ ረጅም ነው። ከኢንፌክሽኑ እስከ ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ሕክምና ያልጀመረች፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት ግን መከላከያዋ ስለሚዳከም ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕመም የለም፣ ደም የለም። ቅድመ ካንሰር ሽፋኑን ሙሉ ቢይዘውም ከሥሩ የተነጠፈውን ስስ ገበር እስካልበሳ ድረስ በቦታው ይቆያል፤ በሽፋኑ ውስጥ የደም ሥርም ሆነ የሊምፍ ሥር ስለሌለ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ሕዋሳቱ ገበሩን የሚያሟሟ ኢንዛይም አመንጭተው ወደ ታች ሲወርዱ ስሙ ይለወጣል፤ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይሆናል። የዘለቀበት ጥልቀት ከአምስት ሚሊ ሜትር ካልበለጠ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታወቅ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው። እየገፋ ሲሄድ ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጪ የሚፈስ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ኋላም የወገብ ሕመም ይመጣል። ሽንትን ከኩላሊት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ሊዘጋ፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችና ወደ ሩቅ አካላት ሊዛመት ይችላል። በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ታማሚዎቹ በአብዛኛው ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እዚህ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

የቅድመ ካንሰር ምርመራ ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በጤና ጣቢያ የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ በስፔኩለም ብልትን ትከፍትና በማህፀን በር ላይ ብርሃን ታበራለች፤ ንፍጡን በጥጥ ትጠርጋለች። ቀጥሎም ከ3 እስከ 5 ከመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት በየቤቱ ያለው አቼቶ ያህል፣ ትቀባና አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ጤነኛው ሽፋን ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። የተበላሹት ሕዋሳት አስኳላቸው ትልቅ፣ ፕሮቲናቸው የታጨቀ ስለሆነ አሲዱ ያረጋቸዋል፤ ብርሃን ማሳለፉን ትተው ስለሚመልሱት ጠርዙ የጎላ፣ ወፍራም ነጭ ምልክት በመገናኛው መስመር ላይ ይወጣል። ነጩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደበዝዛል። በኢትዮጵያ ይህ ምርመራ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል። ከማረጥ በኋላ መስመሩ ወደ ቦዩ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ ያኔ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የኤች ፒ ቪ ዲ ኤን ኤ ምርመራ ይሻላል።

ነጭ ምልክት ከተገኘና ለካንሰር የሚያጠራጥር ነገር ከሌለ ሕክምናው በዚያው ቀን ሊሰጥ ይችላል። በክራዮቴራፒ፣ በጋዝ የቀዘቀዘ ብረት ለሦስት ደቂቃ ይለጠፋል፤ አምስት ደቂቃ እንዲቀልጥ ተትቶ ለሦስት ደቂቃ ይደገማል። በተርማል አብሌሽን ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ የጋለ ብረት አንድ ደቂቃ እንኳ ላልሞላ ጊዜ ይነካዋል። ሴቲቱ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ስሜት ይሰማታል። ምልክቱ ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ቦዩ ከገባ ሊፕ በሚባለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቆርጦ ይወጣና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ካንሰር ከተጠረጠረ ግን ማቀዝቀዝም ማቃጠልም አይፈቀድም፤ አስቀድሞ ናሙና ይወሰዳል። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ መሰል ፈሳሽ ይወርዳል፤ ቁስሉ እስኪሽር ለአንድ ወር ያህል ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። በሞተው ሽፋን ፋንታ ከዳር ዳር አዲስ ስኳመስ እየበቀለ ቦታውን ይሸፍናል። በዓመቱ ሴቲቱ ተመልሳ ትመጣና አቼቶው እንደገና ይቀባል፤ ደቂቃው ሲሞላ፣ ሕክምናው ከሠራ፣ ሽፋኑ ሮዝ እንደሆነ ይታያል።