ሐሺሽ ለነቀርሳ መድኃኒት ይሆናልን?

ሐሺሽ ለአገራችን አዲስ ነገር ይመስልዎ ይሆናል። ነገር ግን በጣና አካባቢ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (የላስታው አይደለም) በቁፋሮ የወጡ ሁለት የሸክላ ማጨሻዎች ተመርምረው፣ ከ700 ዓመት ገደማ በፊት የተጨሰ ሐሺሽ ርዝራዥ ተገኝቶባቸዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሟል።

እንግዲህ ባሕር ዳር ላይ ዘመዱ በነቀርሳ የታመመበት ሰው «ሐሺሽ ያድናል» የሚል ወሬ ሲሰማ ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ድሮናቢኖል የሚባለው፣ የሐሺሽን ዋና ንጥረ ነገር የያዘ እንክብል፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የተፈቀደው የነቀርሳ መድኃኒት የሚያመጣውን ማስታወክ እንዲያስታግስ ነው፤ ያውም ሌላው ማስታገሻ ላልረዳው በሽተኛ። ነቀርሳውን በሰው ላይ ስለመፈወሱ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የነቀርሳ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2024 ከምርምር ውጭ ለዚህ እንዳይሰጥ መክሯል።

የሚያስፈራው የሚባክነው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ የሐኪም ሕክምና ትተው በሌላ ፈውስ ብቻ የተማመኑ በሽተኞች የሞት አደጋቸው 2 ተኩል እጥፍ ሆኗል።

ስሙም ያሳስታል፤ ብዙዎች ሐሺሽን «ዕፀ ፋርስ» ይሉታል፤ መርዘኛው አስተናግርም በዚሁ ስም ይጠራል! በዚያ ላይ ሐሺሽ በሕጋችን የተከለከለ ነው። ስቃይ የጠናበት በሽተኛ ስለሚጠጣው ሞርፊን ሐኪሙን ይጠይቅ። ቅጠል የጀመረም ቢኖር አይደብቅ፤ ከሌላው መድኃኒት ጋር ሊጋጭበት ይችላልና።