ኍልቍ በሀገረ ሕይወት

የቤተ ክህነት ተማሪ ባሕረ ሐሳብ ሲቀጽል አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምን ጊዜም 30 እንደሚሆኑ ያውቃልና፥ አንድ ቀን 29 ቢወጣለት የተሳሳተው እርሱ እንጂ ቁጥሩ እንዳልሆነ አይጠራጠርም። የስታትስቲክስ ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ ቁጥሮቹ እንደ ሰውና እንደ ዝናም የሚለዋወጡ ስለ ሆኑ፥ ተማሪው ልዩነቱን እንደ ስሕተት ሳይቈጥር ይመዝነው ዘንድ ይጠየቃል። በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው ከአምቦ አንሥቶ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ ባሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፥ ነገሩ የሚከብደው ከዚሁ ላይ ይመስለኛል።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ መረጃ መሰብሰብን፣ በሠንጠረዥና በሂስቶግራም ማሳየትን፣ አማካይን፣ ሚዲያንንና ሞድን፣ እስከ ስታንዳርድ ዲቪዬሽንም ድረስ ይማር ዘንድ ተደንግጓል። ለአንድ ምዕራፍ ጓዙ በዝቷል። በዚያ ላይ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ አማካይን «ጊዱገሌሳ» ሲል የኖረው ልጅ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ «ሚን» በል ስለሚባል፥ የተለወጠው ስሙ እንጂ ነገሩ እንዳልሆነ የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል።

አምስት ተማሪዎች ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት በእግራቸው 10፣ 15፣ 20፣ 25 እና 130 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል እንበል። አማካዩ 40 ነው፤ ነገር ግን ከአምስቱ 40 ደቂቃ የሚሄድ አንድ ስንኳ የለም። ሚዲያኑ 20 ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሩቅ የሚመጣውን ልጅ ጨርሶ ይረሳዋል። ሁለቱን አስልቶ ያገኘ ፈተናውን ያልፋል፤ የገጠር ልጅ ስንቁን ቋጥሮ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚከርመው ስለ ምን እንደ ሆነ ከዚያች 130 ያነበበ ግን፥ በእኔ ግምት፥ ከክፍሉ የሚጠበቀውን አድርሷል።

በ11ኛ ክፍል መረጃው በምድብ እየተከፈለ ኳርታይልና ፐርሰንታይል ይመጣሉ፤ እነዚህ ልምምድ እንጂ ብዙ ምሥጢር የለባቸውም። ምሥጢሩ ያለው በስርጭቱ ነው። በቆሎ ከሚመረመርበት ከባኮ ብዙ ሳይርቅ የሚያርስ ገበሬ ሁለት ዘር ቀረበለት እንበል፤ የአንዱ ምርት በሦስት ዓመት በሄክታር 38፣ 40 እና 42 ኩንታል፥ የሁለተኛው 20፣ 40 እና 60 ቢሆን፥ አማካያቸው አንድ ሲሆን ጎተራው ግን አንድ አይደለም። ባለ ዕዳው ገበሬ የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ባያሻውም፥ ልጁ የአባቱን ጥንቃቄ በቁጥር መግለጥ መቻል አለበት።

ናሙና አወሳሰድ በሚነገርበት በ12ኛ ክፍል ጥያቄው «ስንት ሆነ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ተቈጠረ?» ይሆናል። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ በትንበያ የተገኘ ነው። እንግዲህ ዛሬ በአምቦ ከ12ኛ ክፍል ወንበር ተቀምጦ የከተማውን ሕዝብ ብዛት በደብተሩ የሚገለብጥ ልጅ፥ ከ1999 በኋላ ከተወለደ፥ እርሱ ራሱ በዚያ ቈጠራ መዝገብ ውስጥ የለም።