በእርጋታ መተንፈስ፦ ምን ይረዳል? ምንስ አይተካም?

የሌሊት ሥራ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የኪራይና የአገር ቤት ሐሳብ ሰውነትን ያደክማሉ። በእርጋታ መተንፈስ ያለምንም ወጪ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያረጋጋዎት ይችላል። ሆኖም የትንፋሽ ማጠር ሁሉ ከጭንቀት የሚመጣ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ልምምዱን እንዴት እንደሚያደርጉና መቼ እርዳታ መጥራት እንዳለብዎት ያስረዳል።

ለምን ይረዳል?

ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሲጨነቁ ትንፋሽዎ ይፈጥናል። ከሚገባው በላይ ሲተነፍሱ በደምዎ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ሊያዞርዎት፣ ጣትዎንና ከንፈርዎን ሊደነዝዝዎት ይችላል። በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ የልብ ምትን ያረጋጋል።

እንዴት ልለማመድ?

1. ተደላድለው ይቀመጡ። አንድ እጅዎን ደረትዎ ላይ፣ ሌላውን ሆድዎ ላይ ያድርጉ።
2. እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫዎ አየር ያስገቡ። ሆድዎ ላይ ያለው እጅ ከፍ ይበል፤ ደረትዎ ብዙ አይንቀሳቀስ።
3. ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ሁሉ ከንፈርዎን አሹለው፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ።
4. ለ5 ደቂቃ ይደጋግሙ። ካዞረዎት አቁመው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።

የትና መቼ?

በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢለማመዱ ይመረጣል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ መስኮት ይክፈቱ ወይም ሌላ ክፍል ይሂዱ፤ በተለይ አስም ካለብዎት ጭሱ ሊያባብስብዎት ይችላል። በዊተን ሜትሮ ጣቢያ 70 ሜትር በሚረዝመው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆመው ሲወጡ 3 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መደገፊያውን ይዘው፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ እዚያም መለማመድ ይችላሉ።

መድኃኒትን አይተካም

የደም ግፊት ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ልምምዱ ቢረዳዎትም ሐኪምዎን ሳያማክሩ መድኃኒትዎን አያቋርጡ።

ወዲያውኑ ወደ 911 ይደውሉ

• ትንፋሽ በድንገት ካጠረዎት ወይም ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት
• ደረትዎን ካመመዎት ወይም ከተጫነዎት፣ ሕመሙም ወደ ክንድ፣ ጀርባ ወይም መንጋጋ ከተሰራጨ
• ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ራስዎን ከሳቱ
• ፊትዎ ከተጣመመ፣ አንድ ክንድዎ ከዛለ ወይም ንግግርዎ ከተኮላተፈ

የልብ ድካም አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ያለ ደረት ሕመም በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊጀምር ይችላል። «ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ብለው አይጠብቁ። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ከሆነ

ሐሳብ እንቅልፍ ከነሳዎት ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ወደ 988 ወይም ወደ ሞንጎመሪ ካውንቲ የቀውስ ማዕከል 240-777-4000 ይደውሉ። ሁለቱም ሌት ተቀን ክፍት ናቸው። ስለ ሌሎች የካውንቲው አገልግሎቶች ለማወቅ ወደ 311 ይደውሉ።