የዲስክ ቅጂን ሳይነኩ ማንበብ

አንድ ሃርድ ዲስክ ከነባዶ ቦታው፣ ከነተሰረዙ ፋይሎች ቅሪት፣ ባይት በባይት ተገልብጦ በአንድ ፋይል ሲቀመጥ ባለሙያዎች «ዲስክ ኢሜጅ» ይሉታል።

የብራያን ካሪየር «ዘ ስሉዝ ኪት» እንዲህ ያለውን ፋይል በትዕዛዝ መስመር የሚመረምሩ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። መነሻው ዳን ፋርመርና ቪትሰ ቬኔማ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት «ዘ ኮሮነርስ ቱልኪት» ነበር። ከመሣሪያዎቹ አንዱ፣ «ኤምኤምኤልኤስ»፣ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ይዘረዝራል። በቆየው የኤምቢአር የዲስክ አከፋፈል አሠራር ይህ መረጃ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ውስጥ ነው፤ አራት መዝገብ፣ እያንዳንዱ 16 ባይት። አንዱ ክፍል ከሴክተር 2048 ይጀምራል ከተባለ ቁጥሩ በሴክተሩ መጠን፣ በ512 ባይት፣ ተባዝቶ 1,048,576 ይሆናል። የሊኑክሱ «ማውንት» ትዕዛዝ ያንን ክፍል ለመክፈት የሚፈልገው መነሻ ይኸው ነው። ስሌቱን ለሰው መተው ስህተት መጋበዝ ስለሆነ ጥሩ መሣሪያ ራሱ ያሰላዋል።

ተንኮለኛው ነገር ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ በድንገት ጠፍቶ ከነበረ፣ ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት «ለንባብ ብቻ» ተብሎ ሲከፈት እንኳ በጆርናሉ (ለውጦች አስቀድመው በሚመዘገቡበት ቦታ) የቀረውን ሥራ ለመጨረስ ኢሜጁ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ያኔ የማስረጃው ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላው መለያ፣ ይለወጣል፤ መርማሪውም ለፍርድ ቤት ማስረዳት ይቸግረዋል። «ኖሎድ» የሚባለው የማውንት አማራጭ ጆርናሉ እንዳይነካ ያደርጋል። የስሉዝ ኪቱ «ኤፍኤልኤስ» ደግሞ ማውንት ማድረግ ሳያስፈልግ የፋይሎችን ስም፣ የተሰረዙትንም ጭምር፣ በቀጥታ ከኢሜጁ ያነባል።