ዝገቱ በርካሽ፣ ፍሬኑ በውድ

ቀለም የሌለው፣ ዝገቱ ያልተፋቀ፣ ፓራፋንጎ ያልተገጠመለት፣ ኮፈን አጥቶ ሞተሩ ለአላፊ አግዳሚ የተገለጠ መኪና ያየ ሰው «የቁራሌው ሲሳይ» ቢለው አይፈረድበትም። አሜሪካኖች ግን «ራት ሮድ» ይሉታል። አካሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አሮጌ ሞዴሎች ይወሰዳል። ሻንሲው በግቢ ጋራዥ ይበየዳል፤ ሞተሩም ከሌላ መኪና ይነቀላል። አንዳንዱ ባለቤት ታዲያ ለሰፈር መታያ ሳይሆን ከስቴት ስቴት ሊያቋርጥበት ይሠራዋል። ከቁርጥራጭ የተሠራ ንብረት ይህን ያህል መንገድ የሚችለው፣ ገንዘቡስ የሚመለሰው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ቁጠባው የት እንዳለ እንይ። ለትርዒት የሚሠሩት የተዋቡ «ሆት ሮዶች» ከፍተኛ ወጪ የሚበላባቸው ቀለም፣ ክሮምና የላሜራ ማስተካከያ ነው። ራት ሮድ ሠሪው ይህን ሁሉ ይተዋል። ጭረት ቢያገኘው አያዝንም፤ ዝናብም አያስፈራውም። «ጉልበቱ የራሴ ስለሆነ በነፃ ነው» የሚለው ሒሳብ ግን አያስኬድም። በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢ ወጪ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ የሞተር ምርጫ ነው። ፎርድ በ1932 ያወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በዝና አይታማም። ለረጅም ጉዞ የሚሠሩ ብዙዎች ግን ለሽቭሮሌው ያደላሉ። የዚህ ሞተር ቤተሰብ በ1955 ገበያ ገባ፤ 5.7 ሊትር የሆነው ዝነኛ ዓይነቱ በ1967 ተከተለ። ጄኔራል ሞተርስ በ2011 የዚሁ ቤተሰብ 100 ሚሊዮንኛው ሞተር መመረቱን አስታውቋል። ብዛት ማለት መለዋወጫ ማለት ነው። በማያውቁት ከተማ የውኃ ፓምፕ ቢበላሽ፣ የብርቅየው ሞተር ባለቤት ዕቃ አስልኮ ይጠብቃል፤ የሽቭሮሌው ባለቤት ግን ከቅርብ ሱቅ ገዝቶ የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው። ነጋዴ በቶሎ የሚሸጥ ሸቀጥ የሚመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው፣ ሊቆጠብበት የማይገባው ነው። ከ1927 እስከ 1931 የተመረተው የፎርድ «ሞዴል ኤ» 40 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ፍሬኑም በዘንግ የሚሳብ ነበር። ፎርድ ወደ ዘይት ፍሬን የዞረው በ1939 ነው። ስለዚህ ጉልበቱን በብዙ እጥፍ ያሳደገ ሰው የቀድሞውን ፍሬን ይዞ መንገድ መውጣት የለበትም።

የካምቢዮው ሒሳብም አለ። የጎማው ቁመት 71 ሴንቲ ሜትር፣ የዲፍረንሻሉ ምጥጥን 3.73 ቢሆን፣ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል። 0.70 የሆነ አራተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ቢገጠም ዙሩ ወደ 2,050 ገደማ ይወርዳል። ጩኸቱ፣ ሙቀቱና ድካሙ አብረው ይቀንሳሉ።

ነዳጁስ? የመጀመሪያዎቹ «ሞዴል ኤ» መኪኖች ነዳጅ መያዣ 38 ሊትር ያህል ነው። ትልቁ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ቢጠጣ፣ ጉዞው 240 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። በዩታ ስቴት በግሪን ሪቨርና በሳላይና መካከል ደግሞ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ማደያ የሌለው አውራ ጎዳና አለ። ሳይሞላ የገባ ሰው መሀል ላይ ይቀራል።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ ነገሩ ይከርራል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባወጣው ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው በማያውቅበት ገበያ ገዢው ዋጋ እንደሚሰብርና የደህና ዕቃ ባለቤቶች ከገበያው እንደሚሸሹ አስረድቷል። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ራት ሮድ የዚህ ችግር ጥግ ነው፤ የፋብሪካ ዋስትና የለውም፣ ብየዳው ጠንካራ ይሁን ደካማ በዓይን አይለይም፣ ሁለት አንድ ዓይነት መኪናም ስለማይገኝ የገበያ ዋጋ ማመሳከሪያ የለም።

መፍትሔው ከአከርሎፍ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ከሆነው ከማይክል ስፔንስ ይገኛል፤ እሱም ደካማው በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችል ምልክት ማሳየት ነው። ረጅም ጉዞ እንዲህ ያለ ምልክት ነው። ብየዳው የሳሳ፣ ራዲያተሩ ያነሰ መኪና ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ በደህና መመለስ ይከብደዋል። ባለቤቱ የነዳጅ ደረሰኞቹን፣ የጥገና መዝገቡንና የብየዳውን ፎቶግራፎች ካስቀመጠ፣ ጉዞው ከመዝናኛነት አልፎ የዋጋ መከራከሪያ ይሆንለታል። መዝገብ የሌለው ግን «ካሊፎርኒያ ደርሼበታለሁ» ቢል ወሬ ብቻ ይሆንበታል።

ያም ሆኖ ሠሪው የደከመበትን ሰዓት ሁሉ በዋጋ አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻለዋል። ገዢው ደግሞ ቀለሙን ትቶ አራት ነገር ይጠይቅ፦ ፍሬኑን፣ የመለዋወጫውን አቅርቦት፣ የባለቤትነት ወረቀቱንና የጉዞ መዝገቡን። ዝገቱ ለጌጥ የተተወ ሊሆን ይችላል፤ ሻንሲውን የበላው ዝገት ግን ጌጥ አይደለም፣ ኪሳራ ነው።