ያልታጠበ ቡና ስለሚያስገኘው ዋጋ

የአራዳና የቡና ዝምድና የቆየ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው የአራዳ ገበያ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያገሬውን መገበያያ ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማው ዋና የንግድ ስፍራ ነበር። ገበያው ቢሄድም ቡናው ከሰፈሩ አልወጣም፤ በ1953 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቶሞካ በፒያሳ ቡና እየቆላና እየፈጨ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ቆሞ ጥቁር ቡና መጠጣት የሰፈሩ ልማድ ሆኗል። ሆኖም በየቤቱ በጀበና ከሚፈላው ቡና አብዛኛው፣ ነጋዴው «ያልታጠበ» ብሎ የሚጠራው፣ ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ ቡና መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ስሙ ጥሩ ስም አይደለም። «ያልታጠበ» ሲባል የሚሰማ ሰው ሥራ የጎደለው፣ ችላ የተባለ ዕቃ ይመስለዋል። ለብዙ ዘመንም እንዲህ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ገበሬው ቀዩንም አረንጓዴውንም ፍሬ ባንድነት ሸምጥጦ በደጁ መሬት ላይ ያሰጣዋል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ቡናውም የአፈር ሽታ ይዞ ይመጣል። የውጭ አገር ገዢ ለታጠበው ብልጫ ሲከፍል ያልታጠበውን ባነሰ ዋጋ ይወስድ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ጥፋቱ ግን የፀሐይዋ ሳይሆን የአያያዙ ነበር። ሐረር ከጥንት ጀምሮ ቡናውን በዚሁ መንገድ እያደረቀ በዓለም ገበያ ስሙን ማስጠራቱ ለዚህ ምስክር ነው።

አሁን በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጉጂና በጅማ ያሉ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህንኑ የጥንት መንገድ በአዲስ ጥንቃቄ ይዘውታል። የሚለቀመው በሚገባ የቀላው እሸት ብቻ ነው፤ አረንጓዴውና የተበላሸው በእጅ ይለቀምና ይወጣል። ቀጥሎ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ ይሰጣል። በየጊዜው ይገላበጣል፤ በቀትር ፀሐይና በሌሊት ጤዛ ይሸፈናል። እንደ አየሩ ጠባይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ሲወርድ ጀንፈል ይሆናል፤ ከዚያም ዐርፎ ይቀሸራል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ እሸት ያስፈልጋል። የፍሬው ጣፋጭ ሥጋ በፍሬው ላይ እንዳለ ስለሚደርቅ፣ ቡናው የእንጆሪና የበሰለ ፍራፍሬ ጣዕም ይይዛል። ገዢው ዛሬ ብልጫ የሚከፍለው ለዚህ ጣዕም ነው።

ማኅበራቱ ብቻቸውን ወደ ውጭ አይልኩም። በ1991 ዓ.ም. 34 ማኅበራት ተባብረው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቋቋሙ፤ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖችም ተከተሉ። በ2001 ዓ.ም. የቡና ንግድ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ በገባ ጊዜ፣ በዚያ የሚሸጠው ቡና በአካባቢና በደረጃ ብቻ እየተለየ ይቀላቀል ነበር። ዩኒየኖቹ ግን በቀጥታ ለመላክ ስለተፈቀደላቸው፣ ያንዱ ቀበሌ ማኅበር ስም ከጆንያው ጋር እስከ ጃፓንና አሜሪካ ሊደርስ ቻለ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ይህን በር ለሌሎችም አሰፋው። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ያልታጠበ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ይህ የጥቂት ጆንያዎች ዋጋ ነው፤ የዓመት ንግዱን በዚህ የሚለካ ነጋዴ ራሱን ያታልላል።

ዋናው ችግር ከገንዘብ ላይ ነው። ማኅበሩ እሸቱን ሲረከብ ለገበሬው ወዲያው መክፈል ይገባዋል፤ ቡናው ግን ሳምንታት በአልጋ ላይ፣ ከዚያም በመጋዘንና በመቀሸሪያ ይቆያል። ገንዘቡ ብድር ከሆነ ወለዱ በየቀኑ ይቆጠራል። ካዝናው ባዶ የሆነ ማኅበር ደጃፍ የደረሰ ገበሬ እሸቱን ወደ ቤቱ መልሶ ያደርቀውና ጀንፈሉን መጀመሪያ ለመጣለት ሰብሳቢ ይሸጠዋል፤ ያን ጊዜ የማኅበሩም ስም፣ የአልጋውም ድካም ከንቱ ይሆናል። ሳይሸፈን ያደረ አልጋ ላይ የወረደ አንድ ዝናብ ደግሞ ቡናውን አኮምጥጦ የወሩን ልፋት ሊያጠፋው ይችላል።

የፒያሳ ቆሊዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ከአገሪቱ ምርት ግማሽ ያህሉ እዚሁ የሚጠጣ ቢሆንም፣ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ባገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ስለቆየ፣ ለአዲስ አበባ ጠጪ የሚደርሰው ከደረጃ የወደቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ የተበተኑት ትንንሽ ሻጮችም በአዲሱ ስፍራቸው ደንበኛ ከማፈላለግ ጋር ይህንኑ ቡና ይዘው ሄደዋል። ጥሩ ጀንፈል የሚፈልግ ቆሊ ናሙናውን ሰብሮ ያሽትተው፤ ኮምጣጤ ወይም አፈር የሚሸት ከሆነ ይተወው፤ ፍሬው እኩል የደረቀና ባንድ ዓይነት መልክ የወጣ ከሆነ ግን የለቀመውን ማኅበር ስም ጠይቆ ይመዝግብ።