ንግሥቲቱን አሳልፎ የሰጠው የ13 ዓመት ልጅ



ከዒሻ በኋላ ዶርም ውስጥ ቼዝ የምንጫወት ልጆች አንድ የጋራ በሽታ አለብን። ንግሥታችን ከተነካች ሌላውን ሁሉ ረስተን እሷን ይዘን እንሸሻለን። (በቼዝ ሑክም ላይ ዑለማዎች ኺላፍ አላቸው፤ ቁማር ከገባበት ወይም ሶላት ካሳለፈ ግን ኺላፍ የለም።) ሰሞኑን ቦርዱን ዘርግተን በ1956 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የተደረገ አንድ የውድድር ጨዋታ እርምጃ በእርምጃ ደገምን።

ጥቁሩን የያዘው ቦቢ ፊሸር ገና 13 ዓመቱ ነበር። ነጩን የያዘው ዶናልድ ባይርን ደግሞ የ26 ዓመት ወጣትና በአሜሪካ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ። ባይርን ንጉሡን ወደ ጥግ ሳያስገባ በ11ኛው እርምጃ አንዴ ያወጣውን ፊል እንደገና አንቀሳቀሰ። ፊል ያልነው ቢሾፑን ነው፤ በአረብኛ እስከ ዛሬ ስሙ ዝሆን ነው፣ የእኛም «ሰንጠረዥ» ከ«ሸጥረንጅ» የመጣ ነው። ያቺ አንድ እርምጃ ለፊሸር በቃችው።

17ኛው እርምጃ ላይ የፊሸር ንግሥት በነጩ ፊል ተነክታለች። እኛ ብንሆን እንሸሽ ነበር። እሱ ግን ንግሥቲቱን እዚያው ትቶ የራሱን ፊል ከነጩ ሌላኛው ፊል ፊት ለፊት አቆመ። ባይርን ንግሥቲቱን በላ። ከዚያ በኋላ አምስት ቼክ በተከታታይ ወረደበት፦ መጀመሪያ በፊሉ፣ ቀጥሎ በፈረሱ፣ ከዚያ ፈረሱ ዘወር ሲል ከኋላው ያለው ፊል እንደገና። ቼክ የተባለ ንጉሡን ከማዳን ሌላ ምርጫ የለውም፤ ስለዚህ የባይርን ንጉሥ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ የፊሸር ፈረስ በመንገዱ ወታደር እየለቀመ ዞረ። ወፍጮ ማለት ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ፊሸር በንግሥቲቱ ምትክ አንድ ግንብ፣ ሁለት ፊልና አንድ ወታደር አገኘ። የባይርን ሁለተኛ ግንብ በበኩሉ ጥግ ላይ ተቆልፎ ቆይቶ በ28ኛው እርምጃ ገና ብቅ ሲል ተበላ። 41ኛው ላይ ቼክሜት ሆነ። ባይርን ቀድሞ እጅ መስጠት ሲችል ልጁ እስከ መጨረሻው እንዲጫወተው መተዉን ወደንለታል። ፊሸር ውድድሩን አላሸነፈም፤ ከግማሽ በታች ነጥብ ነው ያገኘው።

«ንግሥቲቱን ትቶ ፊሉን ቢበላስ?» ብሎ የጠየቀ አለ። ሞከርነው። ያኔ ጥቁሯ ንግሥት ቼክ ትላለች፣ ፈረሱ ይከተላል፣ በመጨረሻም ንግሥቲቱ ራሷን ከንጉሡ ጎን ታስበላለች፤ የበላት ግንብ ለንጉሡ መውጫውን ዘግቶበት በፈረስ ብቻ ይሞታል።